ሳይነገር የተሸጠው ዳልቻ

በእኛ አገር የምትነገር አንዲት አባባል አለች። ሁለት ሰዎች በሽርክና ሚኒባስ ገዝተው አንደኛው ድንገት ሲወጣ፣ ወይም ባል ሚስቱን ሳያማክር የቤቱን ዕቃ ሲያወጣ፣ ከተቀመጡት አንዱ ጣል ያደርጋታል፤ ሌሎቹም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። የዛሬ ልጆች ከአዳም ጀምሮ የነበረች ይመስላቸዋል። አይደለችም። የተወለደችበትን ቀን አውቀዋለሁ፤ ኅዳር ላይ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በአጋም በር ሚካኤል ደጀ ሰላም ነው። እኔ በዚያን ጊዜ የአጋም በር ትምህርት ቤት መምህር ነበርኩ፤ ቆሜ ሰምቻለሁ። ሰው ሁሉ አባባሏን ይዞ ሰዎቹን መርሳቱ ያናድደኛል፤ ስለዚህ ሰዎቹን ላንሳቸው።

ልሳነወርቅ የአጋም በር ልጅ ነው። በልጅነቱ ለትምህርት ደብረ ብርሃን ሄዶ፣ እዚያው በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ሃያ ስድስት ዓመት ኖረ። ሥራው ወደ መስክ ለሚወጡ ሰዎች የውሎ አበል ወረቀት ማዘጋጀት ነበር። አርባ ምንጭ፣ ጂንካ፣ ጋምቤላ፣ አሶሳ እያለ ሲጽፍ ኖሮ የአገሩን ስም ሁሉ በቃሉ አጠና፤ አንዱንም ግን በዓይኑ አላየም። ባለቤቱ ወይዘሮ አልጣሽ «ጡረታ ስትወጣ አብረን እናየዋለን» ትለው ነበር። ያን ሳያዩ እሷ ታመመችና አረፈች።

ከቀብሯ በኋላ ጠዋት ጠዋት የሰዓት ፊርማ መፈረም አስጠላው። ፈቃድ መጠየቅ፣ ፈቃድ መሙላት፣ «መቼ ትመለሳለህ?» መባል አንገሸገሸው። የጡረታ ዕድሜው ሊደርስ አምስት ዓመት ሲቀረው፣ የሚያገኘው እንደሚቀንስ እያወቀ ማመልከቻውን አስገብቶ ወጣ። አባቱ የተዉለት አራት ጥማድ መሬት ነበረው፤ ወደዚያ ገባ። አንዲት ቤት አደሰ፣ ስድስት ዶሮና ሁለት ቀፎ ንብ አኖረ፤ ዳልቻ የሚባል አንድ በሬም ገዛ።

እኔም አፌ አያርፍም፤ አንድ ቀን «ጋሽ ልሳነወርቅ፣ አገር ዞሮ የሚያይ ሰው ዶሮ አያረባም እኮ» አልኩት።

«ምን ያገናኘዋል መምህር?»

«ዶሮ በሰዓቷ ጥሬ ትፈልጋለች። የሰዓት ፊርማ ከዚህም አለ ማለቴ ነው።»

ሳቀ። «ሁለቱንም እችላለሁ። ማሳው ያበላኛል፣ ጡረታው ያስኬደኛል። ከእንግዲህ ግን ማንንም ፈቃድ አልጠይቅም፤ ከፈጣሪዬ በቀር!»

ክፉ ሰው አልነበረም። ለልጆቼ ከረሜላ፣ ለእኔም ጋዜጣ ሳይዝ ከገበያ ተመልሶ አያውቅም። ይህን የምለው ኋላ ሰው ሁሉ ሲወቅሰው ስለሰማሁ ነው።

ማረሻ የሚጎትተው ጥንድ በሬ ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ከቢጤው ጋር ይቀናጃል፤ በሬዎቹ ባንድ ቀንበር ይጠመዱና ተራ በተራ ያንዱን ማሳ፣ ከዚያም የሌላውን ያርሳሉ። መቀናጆ ይሉታል። ወረቀት የለው፣ ፊርማ የለው፤ ግን ስንት ቤት ያደረው በእሱ ነው።

ልሳነወርቅ የተቀናጀው ከጎረቤቱ ከዘርጋው ጋር ነበር። ዘርጋው ቦራ የሚባል አንድ በሬ፣ እቴነሽ የምትባል ሚስትና አራት ልጆች አሉት። መሬቱ ከልሳነወርቅ ማሳ ጋር የምትዋሰን አንዲት መረሬ ብቻ ናት። መረሬ ጥቁር አፈር ነው፤ ጤፍ ያበቅላል፣ ግን ጊዜውን ያሳለፈበትን ሰው አይምርም። ያቺ ማሳ በሐምሌ ካልተዘራች የዘርጋው ቤት ዓመቱን ሙሉ የሚበላው የለውም። ይህን በአጋም በር የማያውቅ አልነበረም፤ ልሳነወርቅም ያውቃል።

ሐምሌ ሲገባ ዘርጋው «ጋሼ፣ እርስዎ ለእርሻው እንግዳ ነዎት፤ መጀመሪያ የእርስዎ ይዘራ» አለ። የልሳነወርቅ መዳፍ በብዕር የኖረ ነውና በሁለተኛው ቀን ውኃ ቋጠረ። ዘርጋው ሞፈሩን ከእጁ ተቀብሎ አራቱንም ጥማድ ራሱ አረሰለት። በሐምሌ ገብርኤል ዋዜማ የልሳነወርቅ ጤፍ መሬት ገባ። ከሰኞ ጀምሮ ተራው የዘርጋው ሆነ።

ያን ዓርብ ከልሳነወርቅ ጋር ጡረታ የወጣ አንድ ሾፌር መልእክት ላከበት። በራሱ መኪና ወደ አርባ ምንጭ፣ ከዚያም ወደ ጂንካ ሊወርድ ነው፤ አንድ ቦታ አለ፤ እሑድ ማለዳ ከደብረ ብርሃን ይነሣል። ልሳነወርቅ የአልጣሽን ፎቶግራፍ ከግድግዳው አውርዶ ኪሱ ከተተ። መሄዱን የወሰነው በዚያች ቅጽበት ይመስለኛል፤ በዚህም አልፈርድበትም።

የቀረው ዳልቻ ነበር። ለዘርጋው ልተወው ቢል ለዘርጋው መንገር አለበት። ዘርጋውም «መቼ ይመለሳሉ?» ሊለው ነው። ያቺን ጥያቄ ዳግመኛ ላለመስማት ነበር እኮ ጡረታው እንዲቀነስበት ፈቅዶ ከሥራ የወጣው። «በገዛ በሬዬ?» አለ ለራሱ። ለመንገዱም ገንዘብ ያስፈልገዋል። ደግሞም እሱ በኖረበት ቢሮ አንዱ መኪና ቢበላሽ በማግስቱ ሌላ ይመደባል፤ በሬም እንደዚያው መሰለው። ዘርጋው በዚያ ሰሞን ዘር ሊያመጣ ወደ አማቶቹ አገር ሄዶ ነበር። ቅዳሜ ልሳነወርቅ ዳልቻን ነድቶ፣ ዶሮዎቹን በቅርጫት ይዞ ገበያ ወረደ። እኔ ደጄ ላይ ቆሜ ሲያልፍ አይቼዋለሁ። እጄን አነሣሁለት፤ ወዴት ነው ግን አላልኩትም። ይህ እስከ ዛሬ ይጸጽተኛል።

ሰኞ ጠዋት ዘርጋው ቀንበሩን ተሸክሞ፣ ቦራን ፊት ፊት እየነዳ መጣ። የልሳነወርቅ በር ተቆልፏል። ጋጣው ባዶ ነው። ዞሮ ወደ እኔ ተጣራ።

«መምህር! ዳልቻን አይተኸዋል?»

«ቅዳሜ ወደ ገበያ ሲነዳው አይቼ ነበር።»

«ሊሸጠው?»

ዶሮዎቹንም ይዞ እንደነበር ነገርኩት። እሱም ቀንበሩን ከትከሻው አውርዶ መሬት ላይ አኖረና አጠገቡ ተቀመጠ፤ ቦራ የዳልቻን ጋጣ እያሸተተ ያገሳል።

በዘር ወቅት ሥራ የፈታ በሬ የለም። ዘርጋው ከቤት ቤት ዞረ፤ ያለው ሁሉ በጥንዱ ተጠምዷል። ሽማግሌው አያ እሸቴ «ሐሙስ የእኔን ጥንድ ውሰድ» አሉት። ረቡዕ ዝናቡ ጣለ፤ አምስት ቀን አላባራም። መረሬው ማጥ ሆነ፣ እንኳን በሬ ሰው አላስገባ አለ። ሲያባራ ዘርጋውና እቴነሽ ከታላቋ ልጃቸው ከብርቄ ጋር ዶማ ይዘው ወረዱ። ጭቃ እየቆፈሩ ሊዘሩ የቻሉት የማሳዋን ጥግ ብቻ ነው። ሌላውን አረም ወረሰው።

መስከረም ላይ ዘርጋው እህል ሊሸምት ቦራን ሸጠ። ያም አልበቃ ሲል ብርቄ ወደ ከተማ ሄዳ ሰው ቤት ተቀጠረች። ሰባተኛ ክፍል ነበረች፤ ከክፍሏ አንደኛ። ትምህርት በተከፈተ ቀን ስሟን ጠራሁ፤ ያለችበትን እያወቅሁ ለምን እንደጠራሁት አላውቅም።

ልሳነወርቅ ኅዳር ላይ ተመለሰ። ፀሐይ አጥቁሮት፣ ወፍሮ፣ ሳቁ ጨምሮ መጣ። ለዘርጋው ልጆች አንድ ከረጢት ሙዝ ይዟል። መጀመሪያ ያየው የራሱን ጤፍ ነው፤ ደርሶ አጎንብሷል። ከወሰኑ ወዲያ ያለውን ሲያይ ግን እርምጃው ዘገየ። ከረጢቱን እንደያዘ ወደ ዘርጋው ደጅ ሄደ።

«ዘርጋው፣ ምነው ማሳህን ሳትዘራ ቀረህ?»

«በምን ልዝራው ጋሼ?»

«ሌላ በሬ... ሌላ ሰው አጣህ?»

«አጣሁ።»

ልሳነወርቅ ግራ ገባው። ልጆቹን ቆጠራቸው፤ አንዷ ጎደለች። «ብርቄስ?» አለ። እቴነሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ውስጥ ገባች። ያን ጊዜ ገባው።

«ጥንድ በሬ እገዛልሃለሁ። ነገ! የማርያም ስም ይዤ እምላለሁ፣ ነገውኑ!»

ዘርጋው ቁጣ አላሳየም። እንደ ወትሮው አንቱታውን እንኳ አላጎደለም። «በሬስ ይገዙልኛል ጋሼ» አለው። «ሐምሌን ከየት ይገዙልኛል?»

በዚያ ሳምንት ልሳነወርቅ ለአጨዳ ደቦ ጠራ። ጠላ አስጠመቀ፤ የመጣ ሰው የለም። አንዱ ራሱን አመመው፣ አንዱ ልቅሶ አለበት። የደረሰ ጤፍ ይረግፋል፤ እሱ ደግሞ ማጭድ አያያዝ አይችልም። ኀዘኑ ወደ ቁጣ ዞረ፤ ሰው ሲያፍር እንዲህ ይሆናል። «ምን ሕግ ጣስኩ?» ብሎ ሽማግሌ ጠየቀ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ሥር ተቀመጡ። ልሳነወርቅ ዳልቻን የገዛበትን ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዞ መጣ። «መምህር፣ አንብብላቸው» አለኝ። አነበብኩ፤ የገዢው ስም የእሱ ብቻ ነው።

«ሰማችሁ?» አለ። «በሬው የእኔ ነው። ለሰው መራራቴ ሌላ፤ ካሣም ብትሉኝ እክሳለሁ። ግን ወንጀለኛ አታድርጉኝ። የጣስኩት ውል ካለ አሳዩኝ!»

አያ እሸቴ ወረቀቱን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። ማንበብ አይችሉም፤ ግን ጊዜ ወስደው አዩት።

«በሬውን ስትገዛ ያንተ ነበር፣ እውነት ነው» አሉ። «ማሳህን ማን አረሰው?»

«ዘርጋው።»

«በማን በሬ?»

«በዳልቻ።»

«በዳልቻ ብቻ?»

ልሳነወርቅ ከሽማግሌዎቹ ይልቅ ለራሱ በሚመስል ድምፅ ተናገረ።

«ሃያ ስድስት ዓመት ፈቃድ ስጠይቅ ኖርኩ አባቴ። ሚስቴን የቀበርኩት የሦስት ቀን ፈቃድ ሞልቼ ነው። አንድ ጊዜ ማንንም ሳልጠይቅ ልሂድ አልኩ። ይህ ኃጢአት ነው?»

ደጀ ሰላሙ ሥር የሚያለቅስ ሰውም ነበር፤ እኔ ራሴ አንዱ ነኝ። ዘርጋው መሬት መሬት ያያል።

አያ እሸቴ ወረቀቱን አጥፈው መለሱለት። በመጀመሪያ የልሳነወርቅ ጤፍ እኩሌታ ለዘርጋው ይሁን፣ ለአጨዳውም ሰው ሁሉ ይውጣ ብለው ፈረዱ። ልሳነወርቅም «ሁሉንም ይውሰደው» አለ፤ እሳቸው ግን እጃቸውን አነሡ።

«መሄድህን የጠላ የለም ልጄ። 'ልሄድ ነው' ብትለው ዘርጋው ስንቅህን ተሸክሞ እስከ መኪናው ይሸኝህ ነበር። ዳልቻን ከቦራ ጋር እያበላ ይጠብቅልህ ነበር፤ መሬቱም ይዘራ ነበር፤ ልጅቱም ዛሬ እዚህ ነበረች። አንተ ፈቃድ መጠየቅ የመሰለህ አንድ ቃል ብቻ ነበር» አሉና በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ ሊሄዱም ዞር ካሉ በኋላ፣ ለእሱም ለእኛም እንዲሰማ አድርገው ጨረሱት፦ «የመቀናጆ በሬ ባንድ አፍ አይሸጥም።»