የነገው ትምህርት

ዶክተር ዘርይሁን ከሚያስተምሯቸው መካከል ኪሮሽ መሥራት የምትወድ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች። አንድ ማክሰኞ እሳቸው ሲያስተምሩ እሷ ዳንቴሏን ስትሠራ አዩዋትና፣

«ተነሺ አንቺ ባለሙያ!» አሉ። «እስካሁን ያልኩትን ድገሚ። አንዲት ነገር ብታጓድዪ ለፈተና አትቀመጪም!»

ልጅቷ ተነሥታ ሁሉንም አንድ በአንድ ተወጣችው። አላቆመችም፤ እሳቸው ገና ያላስተማሩትን የነገውን ትምህርት ጀመረች።

«ቆዪ፣ ቆዪ! ይኼንን ደግሞ ከየት አመጣሽው?»

«ታላቅ እህቴ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት እርስዎ ዘንድ ስትማር ከጻፈችው ደብተር ነው፣ ዶክተር። ሐሙስ የሚነግሩንን ቀልድ ግን አላበላሽብዎትም፤ እህቴ ከጎኑ በቀይ እስክሪብቶ ‹እዚህ ጋ መሳቅ ማርክ አለው› ብላበታለች።»