የሰንበሌጥ ሜዳ የአገዳ አጥር

የሰንበሌጥ ሜዳ አጥር የፈረሰው በገና ዕለት፣ ከቀትር በኋላ ነው። ድሮ ነው ልጆች፣ በጣም ድሮ። እናንተ ስሙ፣ እኔ ላውጋ።

ሜዳው የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር የጋራ ግጦሽ ነበር። ፊታውራሪ ጓንጉል የሚባሉ ጌታ ግን በእሾህ አጠሩት። «ለበቅሎዎቼ ነው» አሉ። በቃ።

አያ ቢተው የታች ሰፈር ገበሬ ነው። ቡሬ የሚለው አንድ በሬ አለው፤ ሌላ የለውም። ሣር ጠፋና የቡሬ ጎን አጥንት በአጥንት ሆነ። ቡሬ ከሞተ የቢተው ማሳ ጦሙን ሊያድር ነው።

ሽማግሌ ላከ፤ ሽማግሌዎቹ አፍረው ተመለሱ። ራሱ ደጅ ጠና፤ ውሻ ተለቀቀበት። በሦስተኛው ሲሄድ ስለ ሣር ትንፍሽ አላለም።

«ጌታዬ፣ ገና ደረሰ። ዘንድሮ የት እንጫወት?»

ፊታውራሪ ከምግብም ገና ጨዋታ ይበልጥባቸዋል። ዓይናቸው በራ። «የት ይሻላል?»

«ከአጥሩ ዳር ነዋ! ሌላው ሁሉ አዝመራ ነው።»

«ይሁን። ላይ ሰፈርን እኔ እመራለሁ። ታች ሰፈሮች፣ ዋይ ነው የማሰኛችሁ!»

«ሩርን በእጅ መንካት ግን ነውር ነው።»

«አንተ ነህ ለእኔ የምትነግረኝ? አባቴ እንኳ ከዱላ በቀር ነክቷት አያውቅም!»

የገና ዕለት ጨዋታው ተጀመረ። ሩር ከወይራ ሥር የተጠረበች ድቡልቡል ናት። ቢተው በቆልማማ ዱላው አጎናት፤ በርራ እሾሁ ውስጥ ተሰነቀረች። በእጅ አትወጣ ነገር፣ ነውር ነው። ተጫዋቹ ሁሉ አጥሩን በዱላ ወቃው። አንዱ ጎን ወደቀ።

«አጥሬን!» አሉ ፊታውራሪ።

«ገና ነው ጌታዬ!» አለ ሕዝቡ። ዋጥ አደረጉት።

ቢተው ደግሞ አጎናት፤ ደግሞ እሾሁ ውስጥ። ሌላው ጎን ወደቀ። ከጉብታው ላይ ሆነው የሚያዩት ሴቶች በዘፈን ተቀበሉ፦

«የፊታውራሪ ቤት ምን ጎድሎበት ነው፣
ከበሬ አፍ ነጥቆ ሣር የሚበላው?»

ፊታውራሪ ዱላቸውን ጨበጥ አደረጉ። አሁንም ዋጥ አደረጉት።

በሦስተኛው ሩር የቀረው አጥር ውስጥ ገባች። ቅርቧ ያሉት ፊታውራሪ ናቸው። ታች ሰፈሮች እየሮጡ መጡ።

«ይተዉት ጌታዬ፤ የራስዎ አጥር ነው» አለ ቢተው።

«ዞር በል ከፊቴ!»

እሾሁን እየዘነጣጠሉ ሩርን አወጧት፣ ነዷት፣ አገቧት። ላይ ሰፈር በእልልታ ቀለጠ። እልልታው ሲበርድ ቡሬ ሜዳው መሐል ቆሞ ይግጣል።

በማግስቱ ገና አልፏል፤ ጌታ መቆጣት ይችላል። «አጥሬን ያፈረሰ ማነው?» አሉ።

«ማን እንደጨረሰው ላይ ሰፈር እየዘፈነልዎ ነው» አለ ቢተው።

ፊታውራሪ ሜዳውን እንደተከፈተ ተዉት። ቡሬም ከረመ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚባለው ለዚህ ነው። «ጉልበት ያጠረውን ብልሃት ይከፍተዋል» የሚሉም አሉ።

በዓመቱ፣ ለገና ዋዜማ፣ ሜዳው ታጥሮ ታየ። ቢተው ዱላውን ይዞ እየሮጠ ደረሰ። አጥሩ የማሽላ አገዳ ነው፤ በጣት ቢነኩት ይወድቃል። አጣሪው ፊታውራሪ ራሳቸው ናቸው፤ እጅጌያቸውን ሰብስበዋል።

«ምን ታፈጣለህ? ያለ አጥር ገና ምኑ ይጥማል? ና፣ ያንን አገዳ አቀብለኝ!»

ዛሬም ጨዋታውን ማየት የሚሻ መንገደኛ ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ ከቀትር በኋላ ሰንበሌጥ ሜዳ ይሂድ። ከጉብታው ላይ ይቁም፤ ሩር ቅልጥም አታውቅም። አገዳውን የሚያጥሩት የፊታውራሪ የልጅ ልጆች ናቸው፤ መጀመሪያ የሚያፈርሱትም እነሱው።