የኒልካንዳ እንስራዎች

በሲሎን ደሴት ደጋማ ክፍል፣ ጉም የማይለየው ኒልካንዳ የሚባል ኮረብታ አለ። የቡድሃ ተከታዮች ወደሚሳለሙት ነጭ ጉልላት የሚያወጣው መንገድ የኮረብታው እኩሌታ ላይ ሲደርስ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ እዚያ መታጠፊያ ላይ፣ በሣር ክዳን ጥላ ሥር፣ አፋቸው በኮኮናት ቅል የተከደነ ሁለት እንስራዎች ተቀምጠዋል። ከየትም የመጣ መንገደኛ ማንንም ሳይጠይቅ ቀድቶ ይጠጣል። እንስራዎቹን የሚሞሉት የመንደሩ ሰዎች በተራ ነው፤ ተራው የደረሰው ሰው ባለጸጋም ቢሆን አሽከሩን አይልክም፣ ማንም ሰው በሌላ ሰው ስም ውሃ አይቀዳም። ምክንያቱን የጠየቃቸው ሲኖር፣ ሽማግሌዎቹ የትኪሪ መኒኬን ነገር ያነሳሉ።

ትኪሪ መኒኬ፣ እንደሚነገረው፣ የኮረብታው ወገብ እስከ ምንጩ ድረስ የእርሷ የነበረ ባለጸጋ መበለት ናት። ባሏ ሲሞት ዓለም መረራትና የቡድሃን ትምህርት አጥብቃ ያዘች፤ ነጭ ለብሳ፣ ከቀትር በኋላ እህል ሳትቀምስ፣ ከምንጩ አጠገብ ባለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ዐይኗን ከድና ትንፋሿን እየተከተለች ትውል ነበር። የመንደሩ ሴቶች ውሃ ሊቀዱ እየመጡ ሲጫወቱና ሲሳሳቁ ሐሳቧ ስለሚበተንባት፣ አሽከሮቿን አዝዛ የምንጩን ዙሪያ እሾህ አስተከለች። እሾሁ በሦስት ዓመት ከሰው ቁመት በለጠ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ስፍራ ከውሃው በቀር ድምፅ የሚያሰማ ነገር አልነበረም ይባላል። ጉሙ በእሾሁ ላይ ቀስ ብሎ ሲወርድ፣ እርሷ የት ላይ አብቅታ ድንጋዩ የት ላይ እንደሚጀምር፣ ድንጋዩስ ከውሃው በምን እንደሚለይ ይጠፋት ነበር። ልቧ ነፋስ እንዳልነካው ሐይቅ ረጋ። ሰላም ያገኘች መሰላት።

መንደርተኛው የራሱ ጉድጓድ ስለነበረው ነገሩ ብዙም አልከፋውም። በኋላ ግን ዝናብ የቀረበት ዓመት መጣና ጉድጓዱ ደረቀ። ወንዙ ያለው ደግሞ ከሸለቆው ግርጌ ነው፤ ሄዶ መመለስ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

በዚያ ዓመት፣ መንገዱ ከሚታጠፍበት አጠገብ፣ ኡኩ አማ የምትባል ሸክላ ሠሪ ከአሮጊት እናቷ ጋር ትኖር ነበር። እናቲቱን ትኩሳት ያዛት። ኡኩ አማ አንድ ማለዳ ባዶ እንስራዋን ይዛ ወደ ምንጩ ወጣችና ከአጥሩ ውጭ ቆመች።

«እመቤቴ፣ እናቴ በትኩሳት ተቃጠለችብኝ። አንድ እንስራ ብቻ ልቅዳ።»

ትኪሪ መኒኬ ዐይኗን ሳትገልጥ መለሰች፦ «ዛሬ ለአንቺ ብከፍት ነገ መንደሩ በሙሉ ይመጣል። ሰው ሁሉ የገዛ ሥራውን ፍሬ ይበላል፤ የእናትሽን ጥም እኔ ልሸከምላት አልችልም።»

ኡኩ አማ ባዶ እንስራዋን እንደያዘች ሄደች። ኮቴዋ እስኪጠፋ ጉሙ መንገዱን ሸፈነው፤ ትኪሪ መኒኬም ወደ ትንፋሿ ተመለሰች። ያን ቀን፣ ይላሉ፣ እርጋታው ከወትሮው ፈጥኖ መጣላት።

ኡኩ አማ ወንዝ ወርዳ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ተመለሰች። ጎረቤቶች የእናቷን ፊት ሸፍነውት አገኘች። ሞልታ ያመጣችውን እንስራ ከራሷ ላይ ሳታወርድ ብዙ ቆየች፤ የት እንደምታስቀምጠው ጠፍቷት ነበር ይባላል። በመጨረሻ ይዛው ወጣችና መንገዱ ዳር አስቀመጠችው። ወደ ጉልላቱ የሚወጣውንም የሚወርደውንም፣ «ጠጡ፤ ለእናቴ የመጣ ነው» ትል ነበር።

ከዚያ ውሃ ከጠጡት አንዱ ሬዋታ የሚባሉ፣ በጫካ የሚኖሩ ሽማግሌ መነኩሴ ናቸው። ጠጥተው፣ የሆነውን ሰምተው ወደ ምንጩ ወጡ። ትኪሪ መኒኬ መምህሯ ስለነበሩ ባየቻቸው ጊዜ ደስ ብሏት ተነሥታ ሰገደች።

«ይግቡ አባቴ፣ ውሃው ቀዝቃዛ ነው።»

«ጠጥቻለሁ» አሉ፤ ከየት እንደጠጡም፣ አሮጊቷ እንደሞተችም ነገሯት።

ትኪሪ መኒኬ ግን፣ «አባቴ፣ ሰው የገዛ ሥራው ወራሽ ነው ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። የአሮጊቷ ጥም የራሷ ነው» አለች።

«ልክ ነሽ ልጄ፣ ጥሙ የእርሷ ነበር። አጥሩስ የማን ነው?»

ሬዋታ ይህን ጠይቀው ወደ መንገዱ ወረዱ። እርሷ ወደ ድንጋዩ ተመልሳ ዐይኗን ከደነች፤ ነገር ግን ትንፋሿን በተከተለች ቁጥር፣ እንስራ የተሸከሙ ሴቶች በጉም ውስጥ እየተከታተሉ፣ አንዳቸውም ዘወር ሳይሉ፣ ወደ ሸለቆው ሲወርዱ ታዩዋት። ባዶ እግሯን ሮጣ መነኩሴውን መንገድ ላይ ደረሰችባቸው።

«ይህን ክፉ ሥራዬን ከላዬ ያንሱልኝ! በስሜ ይጸልዩልኝ፤ ገዳም አሠራልዎታለሁ።»

«እኔ ብበላ አንቺ ትጠግቢያለሽ?» አሉ ሬዋታ በለሆሳስ። «እጅሽ ግን አብሮሽ አለ።» ይህን ብለው ጉሙ ውስጥ ገቡ።

ትኪሪ መኒኬ ገጀራ አንሥታ እሾሁን መመንጠር ጀመረች። አሽከሮቿ ሊያግዟት ሲሮጡ መለሰቻቸው። ሁለት ቀን ሙሉ ቆረጠች፤ ነጭ ልብሷ ተቀዳደደ፣ መዳፏ ደማ። ከዚያ ወደ ኡኩ አማ ወረደችና ባለጸጋ ለሸክላ ሠሪ አድርጎት የማያውቀውን አደረገች፤ እግሯ ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች።

«በድዬሻለሁ፤ ይቅር በይኝ።»

ኡኩ አማ ጭቃ ታሽ ነበር። ቀና አላለችም። ጭቃው ከእጇ ሥር ለስልሶ እስኪያበቃ ቆየችና፣ «እናቴን አትመልሺያትም» አለች። «እንስራው ግን ባዶ ሆኗል፤ መንገደኛም ይመጣል።»

ትኪሪ መኒኬ እንስራውን አንሥታ ወጣች። ሸክም አታውቅምና የመጀመሪያ ቀን የውሃው እኩሌታ ትከሻዋ ላይ ፈሰሰ። በሳምንቱ ኡኩ አማ አዲስ እንስራ ሠርታ ከአሮጌው ጎን አኖረች፤ ሁለቱ ሴቶችም አንዱን አንዷ፣ ሌላውን ሌላዋ እየሞሉ ዓመታት አለፉ። ዐሥራ አንድ ነው የሚሉ አሉ፤ ከዚያም ይበልጣል የሚሉ አሉ። ወዳጆች አልሆኑም። በመንገድ ሲተላለፉ አንዷ ለሌላዋ ዳገቱን ትለቅላት ነበር እንጂ የሚያወሩት ጥቂት ነበር ይባላል።

ትኪሪ መኒኬ አርጅታ ከአልጋ መነሣት ባቃታት ጊዜ ኡኩ አማ ሳትጠራ ሄደች። አንገቷን ደግፋ በመዳፏ ውሃ አጠጣቻት፤ ነፍሷ እስክትወጣም ከአጠገቧ አልተነሣችም። ከቀብሩ በኋላ ጎረቤቶች፣ «ታዲያ ይቅር አልሻት?» ብለው ጠየቋት።

«ጠምቷት ነበር» አለች ኡኩ አማ። ሽማግሌዎቹ እስከ ዛሬ በዚህ መልስ ይከራከራሉ፤ ይቅርታ ነው የሚል አለ፣ አይደለም የሚልም አለ።

የእሾሁ ሥር ግን ጨርሶ አልሞተም። አሁንም ዝናብ በገባ ቁጥር በምንጩ ዙሪያ ለጋ እሾህ ብቅ ብቅ ይላል። ውሃ ሊቀዳ የመጣ ሰው እንስራውን አስቀምጦ ያየውን ያህል በእጁ ይነቅላል፤ ማን ተከለው ብሎ የሚጠይቅ የለም።