ሽማግሌ የሚንበረከክለት መደዳ

በሰሜን ጣሊያን፣ በፒዬሞንቴ፣ የምራት ኮረብታ የሚሉት የወይን ቦታ አለ። ከሩቅ ሲያዩት የተጣጣፈ ልብስ ይመስላል፤ አንዱ መደዳ በችካል ተደግፎ ይቆማል፣ ሌላው እንደ ዳስ ከራስ በላይ ይዘረጋል፣ ሌላው ዛፍ ላይ ይወጣል። የወይን ጠጁ ጣዕም ደግሞ መደዳ በተሻገሩ ቁጥር አገር የተሻገሩ ያህል ይለያያል፤ እንዲህ ያለ በረከት በአንድ ኮረብታ ላይ ማየት መቼም ያስደንቃል። ለቀማው ግን ሁልጊዜ የሚጀመረው ቁመቱ ከሁሉም ከሚያጥረው መደዳ ነው።

እንደሚነገረው፣ ጥንት እዚህ የሚበቅለው አንድ ዓይነት ወይን ብቻ ነበር። አጋታ የምትባል ልጅ ከሲሲሊ ደሴት፣ ከኤትና እሳተ ገሞራ ግርጌ፣ ኦታቪዮ ለሚባል የዚህ መንደር ገበሬ ልጅ ተድራ ስትመጣ፣ ከሟች እናቷ የቀረላትን አንድ እስር ለተከላ የሚሆን የወይን ቁራጭ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ አመጣች። ተከለችው፤ በአገሯም ልማድ፣ ነፋስ እንዳይሰብረው ምድር ለምድር አድርጋ ከረከመችው። ጎረቤቱ «ለዶሮ ነው እንዴ የተከልሽው?» እያለ ሳቀባት። ዓመታት አልፈውም ሐረጉ ፍሬ አልያዘም።

አማቷ ኦታቪዮ ኩሩ ሰው ነበርና፣ «ስሚ ልጄ፣ በእኛ አገር ወይን ቆመው ነው የሚለቅሙት። እኔ ለቅጠል አልንበረከክም። በሚመጣው ለቀማ ፍሬ ካላየሁበት እነቅለዋለሁ» አላት።

«እናቴ ተንበርክካ ነው የለቀመችው፣ አባባ። አንድ ዘመን ብቻ ይታገሡኝ» አለችው ይባላል።

በዚያው ብርድ ወራት ከባድ በረዶ ወረደ። መደዳዋን ጨርሶ ሲውጠው፣ አጋታ እናቷን ዳግመኛ የቀበረች መስሏት አምርራ አለቀሰች። ከበረዶው በኋላ ግንድ የሚሰነጥቅ ውርጭ መጣና የቆመውን ወይን ሁሉ አደረቀው። ጸደይ ሲገባ ኮረብታው እንደጠቆረ ቀረ፤ በረዶው እንደ ብርድ ልብስ ያለበሰው የአጋታ መደዳ ብቻ አቆጠቆጠ፣ አፈራም።

የለቀማ ቀን መንደሩ ባዶ ቅርጫቱን ይዞ ዳር ዳር ቆመ። ኦታቪዮ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ጉልበቱ እምቢ እያለው ተንበረከከና የመጀመሪያውን ዘለላ ለምራቱ ሰጣት። «የእናትሽ ነው፤ አንቺ ቅመሽው» አላት። አጋታም ቀመሰችና ዘለላውን ለጎረቤቶቿ አዞረችው ይላሉ።

ከዚያ ወዲህ ከሌላ አገር የምትዳር ሙሽራ ሁሉ የቤቷን ወይን ይዛ ትመጣለች፤ ስታሳድገውም እንደ አገሯ ነው፣ ማንም አያርማትም። ዛሬም ለቀማ ሲደርስ የመንደሩን ትልቅ ሽማግሌ ሁለት ሰዎች ደግፈው ወደ አጭሩ መደዳ ይወስዱታል። «እኛ እንልቀምልዎት» ቢሉት እሺ አይልም። ባርኔጣውን አውልቆ ይንበረከክና የቆረጠውን ዘለላ ከሁሉም ኋላ ለመጣችው ሙሽራ ይሰጣል።