ጎርፉ ቆሞ የጠወለገ ማሳ

«አንድ ገበሬ ነበረ፤ ማሳው ወንዝ ዳር» አልኳት።

«አባባ፣ እኔ የጠየቅኩዎት ስለ ወንድሜ ነው» አለች ደብሪቱ።

መቼ ረሳሁት። ወንድሟ ደምለው የሚጥል በሽታ አለበት። ከጤና ጣቢያ ክኒን ከጀመረ ወዲህ አምስት ወር አልወደቀም። ግን ከአልጋው አይነሳም። ሸማኔ ነው፤ የጀመረው ሸማ እንደተወጠረ ቀርቷል፤ ምግብ ሲያቀርቡለት ፊቱን ያዞራል። ዛሬ ጠዋት «ይህን መዋጥ ለምኔ?» ብሎ ብልቃጡን ወረወረው። እሷ አንስታ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መጣች። ጥያቄዋ ይህ ነው፦ መውደቁ ከቀረ ምን ጎደለው? ስንፍና ነው ወይ? የማይጠቅመው ከሆነስ ክኒኑን ቢተወው?

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የማውቀው ውሃ ነው፤ ዕድሜዬን የመስኖ ቦይ ስጠርግ የኖርኩ ነኝ። በማውቀው መለስኩላት።

«የዚያን ገበሬ ማሳ ወንዙ ድንገት እየሞላ ያጥለቀልቀው ነበር። ጎረቤቶቹ ከሩቅ ቆመው ያያሉ። ‹የተረገመ መሬት ነው፤ የረገጠው ሰው ማሳም ይጠፋል› ይላሉ። ማንም እግሩን አያስገባም።

ገበሬው ለፍቶ ለፍቶ በድንጋይ ግድብ ሠራ። ጎርፉ ቆመ። ደስ ብሎት ሽንኩርት ተከለ። ጠወለገ። ደግሞ ተከለ፤ ደግሞ ጠወለገ። ይኼን ጊዜ መሬቱን ይሰድብ ጀመር። ‹ጎርፉን አስቀረሁልህ፤ ከእንግዲህ ምን ቀረህ? አንተ አመዳም!› ይለዋል። መሬት ምን ይመልሳል። አንድ ቀን በንዴት ዶማውን አንስቶ ግድቡን ሊያፈርስ ሄደ።

መንገድ ላይ የውሃ አባት አገኘው፤ ለገበሬዎቹ የመስኖ ተራ የሚያካፍለው ሽማግሌ።

‹ዶማውን አምጣ› አለው።

ተቀበለው። ወደ ግድቡ ግን አልሄደም። ጫማውን አውልቆ፣ ማንም ወደማይረግጠው ማሳ ገብቶ፣ የመስኖ ቦዩን ከራሱ እስከ ጭራው በእግሩ ሄደበት።

‹ምን ጠፋብዎት?› አለ ገበሬው።

‹ያንተ ውሃ።›

ለካ ያ ሁሉ ጎርፍ በመጣ ቁጥር ቦዩን ሲያበላሽ ኖሯል። አንዱን ቦታ ቦርቡሮ አስፍቶታል፤ ውሃው በዚያ እየገባ አንዲት ጥግ ላይ ይዞራል፣ ይተኛል፣ ይሸታል። ሌላውን በደለል ደፍኖታል፤ ታችኛው ማሳ ጠብታ አይደርሰውም። ግድቡ አልበደለም። መሬቱም አልሰነፈም። የተበላሸው በመካከል ያለው መንገድ ነው።

‹ግድቡን እንዳትነካ› አለና ዶማውን መለሰለት። ‹ከዚህ ጀምር። እኔም አለሁ።›

ሽማግሌው ገብቶ ምንም እንዳልሆነ ሲያዩ ጎረቤቶቹም አካፋ ይዘው መጡ። በአንድ ቀን አላለቀም። አንዳንዱ ቦታ ተጠርጎ እንደገና ተደፈነ። ውሃው ታች የደረሰው ገበሬው ሊሰለች ሲል ነው።»

ደብሪቱ ቋጠሮዋን ትነካካለች።

«ልጄ፣ የሰው ጭንቅላትም ቦይ አለው ይላሉ የተማሩት፤ ሐሳብ የሚሄድበት፣ ደስታም የሚሄድበት። የወንድምሽ መውደቅ ጎርፉ ነው። ክኒኑ ግድቡ ነው፤ እንዳይፈርስ። ትካዜው ግን ስንፍና አይደለም። ያ ታችኛው ማሳ ነው፤ ውሃ ያልደረሰው። ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ምን ይሏችኋል?»

«‹ወደቀ ወይ?› ይሉናል።»

«አንቺስ?»

«‹ተመስገን፣ አልወደቀም› እላለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ክኒኑን ተቀብለን እንመጣለን።»

«የጎርፉን ነግረሽ መጣሽ። የደረቀውን ማሳስ?»

ቋጠሮውን ፈታችው። ብልቃጡን እያገላበጠች አየችው።

«እሱን አልተናገርኩም» አለች።

«ነገ ይዘሽው ሂጂና ተናገሪ። ለትካዜውም ሕክምና አለ። ዛሬ ግን ቤት ስትገቢ ‹ተነሥ አንተ ሰነፍ› እንዳትይው። አጠገቡ ተቀመጪ። ቦይ የሚጠረገው ገብተው ነው፤ ዳር ቆሞ የተሳደበ ውሃ አላደረሰም።»