አህይት የደገሰችው የእሸት በዓል

አንድ ጊዜ፣ ገብሱ እሸት ሆኖ ሜዳው አደይ አበባ በለበሰበት ወራት፣ አራዊት ሁሉ እንደ ሰው የእሸት በዓል ማክበር አማራቸው። ችግሩ አንድ ብቻ ነበር፤ ከአህይት በቀር የዘራ የለም።

አያ አንበሶ ግን ይህን እንደ ችግር አልቆጠረውም። «ድግሱ አህይት ቤት ነው» ብሎ አዘዘ። «ለመሆኑ ሰዎች በዚህ በዓል ምን ያደርጋሉ?»

የሰው አጥር ሥር ተኝታ ወሬ ስትለቅም የምትውለው እመት ቀበሮ ቀድማ ተነሣች። «ጌታዬ፣ እሸት ይጠብሳሉ፣ አናታቸውን ቅቤ ይቀባሉ፣ እያጨበጨቡ ይዘፍናሉ።»

«ያርዳሉም!» አለ አያ ጅቦ ምራቁን እየዋጠ። «እኔ ከወጉ ሁሉ የምወደው እሱን ነው።»

«ማንን እንረድ ታዲያ?» ሲል አንበሳ ጠየቀ። ሁሉም ወደ አህይት ዞሩ።

«ደጋሿ እኔ አይደለሁም እንዴ?» አለች አህይት።

«ምን አለበት?» አለ ጅብ። «መጀመሪያ እሸቱን ታቀርቢያለሽ፤ ቀጥለሽ ራስሽን።»

ይህ ለሁሉም ደህና ሐሳብ መስሎ ታያቸው። አህይት እንዳትሸሽ ደግሞ ጡት ያልጣለ ውርንጭላ አላት፤ እሱን ይዛ ከአንበሳ አታመልጥም።

ቀበሮ ግን ሌላ ነገር አሳሰባት። አንበሳና ጅብ ከጀመሩ ለእሷ አጥንት እንኳ አይተርፋትም። ስለዚህ ጉሮሮዋን ጠረገችና፣ «ጌታዬ፣ ዋናውን ወግ ረሳሁት» አለች። «ጨዋ እንግዳ ብላ ሲሉት አይሻማም። ‹በልቼ ነው የመጣሁት፣ ጠግቤያለሁ› ይላል። ደጋሹ ደጋግሞ ሲለምነው ነው እያመነታ የሚቀርበው።» እነሱ ሲለመኑ እሷ በጓሮ በኩል ልትጎርስ ነው።

አንበሳ ወጉን ወደደው። «እንግዲያው ሳይለመን እጁን የሰደደ ቁርሴ ይሆናል። አንቺንም ይጨምራል» አላት።

የበዓሉ ዕለት አህይት አናቷን ቅቤ ተቀብታ፣ አንገቷ ላይ አደይ አበባ አስራ፣ አውድማው መካከል ከተጠበሰው እሸት አጠገብ ተጋደመች።

«እንኳን አደረሳችሁ» አለች። «አያ አንበሶ፣ ይብሉ እንጂ።»

«የለም፣ የለም» አለ አንበሳ ተጀንኖ። «በልቼ ነው የመጣሁት። ጠግቤያለሁ።»

አህይት እንደ ወጉ ልትለምነው አፏን ከፈተች። ውርንጭላዋን አየችና መልሳ ዘጋችው። ከዚያ፣ «እሰየው፣ እንኳን ጠገቡ» አለች።

የአንበሳ ሆድ አጓራ። እንግዶቹ ሰማዩን ቀና ብለው አዩ፤ ጠርቷል።

«አንተስ አያ ጅቦ?»

«እኔም ጠግቤያለሁ» አለ ጅብ እንባው እየወረደ።

«ምን በልተህ?»

ጅብ ይህን አላሰበበትም። «ጉቶ» አለ። «ትልቅ ጉቶ። ከነሥሩ።»

«አንቺስ እመት ቀበሮ?»

ቀበሮ አንበሳን በዓይኗ ሰረቅ አድርጋ አየችው። «እኔም... ከጉቶው ቆርሶ ሰጥቶኝ ጠግቤያለሁ።»

መጨረሻ ላይ ቀበሮ አልቻለችም። «አንቺ አህይት! ደጋሽ እኮ እንግዳውን ይለምናል!»

«እኔ ማን ነኝና?» አለች አህይት። «አያ አንበሶ ጠግቤያለሁ ካሉ ጠግበዋል። ብለምናቸው ዋሽተዋል ማለቴ አይደለም?»

አራዊቱ ሁሉ አንበሳን አፍጥጠው አዩት።

«እኔ አልዋሽም!» ብሎ አገሳ አንበሳ። «ጠግቤያለሁ! እንዲያውም ቁንጣን ይዞኛል!»

ከዚያ በኋላ አህይትና ውርንጭላዋ እሸቱን እየፈለፈሉ በሉ፤ እንግዶቹም ወጉ ነውና እስኪመሽ እያጨበጨቡ ዘፈኑላቸው። አንበሳ ዛፍ ዛፉን እየተደገፈ ሲሄድ፣ «እንዲህ ያለ ድግስ አይቼ አላውቅም» አለ።

በማግስቱ ጠዋት ጅብ ብቻውን ተመልሶ በአጥሩ ቀዳዳ አንገቱን አስገባ። «አህይትዬ፣ ትናንት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጠየቅሽኝ። ዛሬ ትንሽ ብትለምኚኝስ?»

«በዓሉ አለፈ እኮ» አለች አህይት። «ለከርሞ በሰላም ያድርሰን።»

ሲመረቅ ዝም ማለት ነውር መሆኑን ጅብም ያውቃል። «አሜን» አለና ሆዱን ይዞ ሄደ።

ከዚህ የምንማረው ሊበላን የመጣ እንግዳ በይሉኝታ «ጠግቤያለሁ» ካለን፣ ቃሉን አክብረን ገበታውን ቶሎ ማንሳት እንዳለብን ነው።