ለማዶው ወዳጅ የተሸጠ ጠመንጃ

ደጃዝማች ቢያድግልኝ ከወንዝ ማዶ ላለው ገዢ ለፊታውራሪ አምበርብር ጠመንጃ ይሸጡለት ነበር። አምበርብርም በዚያው ጠመንጃ የገዛ ባላገሩን ይፈጅ፣ መንደሩንም ያቃጥል ጀመር። እኅቷ በዚያ እሳት የሞተችባት አንዲት ምላሰኛ ሴት ወንዙን ተሻግራ ከደጃዝማቹ ችሎት ቀረበችና፣ «ጌታዬ፣ ይህ ሽያጭ ይቁምልን!» ብላ ጮኸች።

ደጃዝማቹ ኩታቸውን አስተካክለው ሳቁ። «አንቺ ምኑን ታውቂዋለሽ? ጠመንጃ የምሸጥለት ምክሬን እንዲሰማኝ ብዬ ነው። እኔ ብርቀው ማን ይመክረዋል? አሁን በቅርቡ እንኳ ‹ድሀ አትግደል› ብዬ መልእክተኛ ልኬለታለሁ።»

«ታዲያ ሰማዎት?»

መኳንንቱ አጉረመረሙ፤ የደጃዝማቹም ፊት ጠቆረ። «አልሰማኝም! ምላስሽ እንዲህ ከተሳለ ለምን እንዳልሰማኝ አንቺው ንገሪኝ። ምክሬን ብትነቅፊ ትገረፊያለሽ፤ ወዳጄን ብትሰድቢም ትገረፊያለሽ።»

ገራፊው ጅራፉን ይዞ ቀረበ። ሴትዮዋ ግን የእኅቷን ሬሳ ስታስብ ፍርሃቱ ለቀቃት። እጅ ነስታ እንዲህ አለች፦

«ምክርዎ ምን ይወጣለታል ጌታዬ፣ ማር ነው። የወዳጅዎም ጆሮ ደህና ነው። ችግሩ፣ መልእክተኛዎ አፉን በከፈተ ቁጥር የሸጡለት ጠመንጃ ይጮኽበታል። እስቲ ጥይቱን ለአንድ ክረምት ይንፈጉት፤ ያን ጊዜ እንኳን ሲመክሩት፣ ሲያዛጉም ይሰማዎታል።»

ገራፊው ሳቁን ሊደብቅ ፊቱን አዞረ። ደጃዝማቹ በቃሏ ውስጥ የሚያስገርፍ ስድብ ቢፈልጉ ቢፈልጉ አጡ።